ኢንጀክተሩ ምን አደረገ?

ለመሆኑ ዘንድሮ የማይታጠብ ነገር ምን ቀረ? ቡናው ይታጠባል፤ እሱስ ይሁን፣ ዋጋ ያወጣበታል። አሁን ደግሞ የመኪና አንጀት ካልታጠበ ተብሏል። በእኛዋ ከተማ በቱም አንዲት መኪና ባስነጠሰች ቁጥር ከመንገድ ዳር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ኢንጀክተሯ ይታጠብ!» ቡና ነጋዴው ይላል፣ ባጃጅ ነጂው ይላል፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ እንኳ ጀሪካኗን አስቀምጣ ትላለች። ቦኔቱን ከፍቶ ያየ ግን አንድም የለም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለመኪናም ይሠራል ለካ።

እኛ ስናድግ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ማጂ ላይ ቆንስላ የነበራቸው እንግሊዞች እንኳ እዚህ የሚደርሱት በበቅሎ ነበር፤ በቅሎ ደግሞ ሣሯን በልታ ዳገቱን ትወጣለች፣ ማጠቢያ ማሽን አትጠይቅም። እኛማ አስፋልት ሳናይ አውሮፕላን ያየን ሰዎች ነን፤ ቱም ሜዳ ላይ ሊያርፍ ሲል ከብት እያባረርን ነበር የምንቀበለው። ከዚያ ላንድሮቨር መጣ። ላንድሮቨር ሲያመው ካርቡራተሩ ይፈታል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ በአፍ «እፍፍ» ይባልበታል፣ ይገጠማል። ሐኪሙ ራሱ ሾፌሩ፣ ክፍያው አንድ ብርሌ ጠጅ።

አሁን ግን የእህቴ ልጅ ቡናው ደህና ዋጋ ባወጣለት ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ ቪትዝ ገዝቶ መጣ። ቪትዝ! ለቱም! በሚዛን፣ በባቹማ፣ በጀሙ አድርጎ ለሚመጣ መንገድ ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና! ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ዱላዬን ይዤ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ እኮ አሮጌው ተወዷል» አለኝ። ሊብሬውን ባየው የመኪናዋ ዕድሜ ከልጁ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ደላላው ግን «ሴት የያዘቻት ናት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ» ብሎታል። እስካሁን ደላላ ሸጦት ወንድ የነዳው መኪና ሰምቼ አላውቅም።

ብዙም ሳትቆይ ሳል ጀመራት። ጠዋት አልነሣም ትላለች፤ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳታል፤ ነዳጁንም ያለ ልክ ትበላለች። ልጁ ሚዛን ድረስ ወስዶ ለአንድ የጋራዥ ጎረምሳ አሳያት፤ እኔም ለክፉም ለደጉም ብዬ አብሬ ሄድኩ። ጎረምሳው ጆሮውን እንኳ ወደ ሞተሩ ሳያዘነብል፣ «ሙሉ የነዳጅ መስመር ክሊኒንግ ያስፈልጋታል፤ በማሽን ነው» አለ። «በማሽን» ሲል ድምፁ ቅዳሴ የሚያስጀምር ይመስላል። የሚያስከፍለውን ሲጠራማ ልጁ ከሚሸጠው ቡና ስንት ፈረሱላ እንደሚሄድ በሆዴ አሰላሁ። «ምኑን አይተህ ነው ልጄ?» ብለው፣ «ልምድ ነው አባባ» አለኝ። ልምዱ ከጺሙ ቀድሞ በቅሏል ማለት ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው። አለመነሣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ መድከም፣ ነዳጅ ማብዛት፣ እነዚህን አራቱንም የተደፈነ ኢንጀክተር ያመጣቸዋል፤ እውነት ነው። ግን ያረጀ ካንዴላም ያመጣቸዋል። የታፈነ የአየር ፊልትሮም አንዳንዶቹን ያመጣል። የደከመ ኮይል፣ የላላ የአየር ቱቦ፣ ግፊቱ የወረደ ፖምፓም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ራሱን ባመመው ቁጥር ሆዱን ይታጠባል እንዴ?

መኪናዋን ይዘን ተመለስንና የሠፈራችንን ሜካኒክ ጠራን፤ ወሬ የማያበዛ፣ መጀመሪያ የሚያይ፣ ቀጥሎ የሚናገር ሰው ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ድንጋይ ላይ መታ መታ ቢያደርገው የበጋው ቀይ አቧራ እየተንዠቀዠቀ እግሩ ሥር ተከመረ። ካንዴላዎቹን ነቀለ፤ ጫፋቸው ተበልቶ ጥላሸት ለብሷል። ቀጥሎ ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን በጎማ ሳብ አደረገና በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ አቆመው። እህቴ ቡና ልታፈላ ከሰሏን ይዛ ብቅ ስትል «ወዲያ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ጀሙ ሳይሰማ አልቀረም።

ጠርሙሱ ረጋ ሲል ነገሩ ሁሉ ታየ። ከላይ ቤንዚን፤ ከሥር ጣት የሚያህል ውሃ፤ ከውሃው በታች ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዝገትና አፈር። ውሃ ከቤንዚንም ከናፍጣም ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፖምፓውም አፍ ያለው እዚያው ታች ነው። ሜካኒኩ የኋላውን ወንበር አንሥቶ ፖምፓውን ሲያወጣው ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት ቀይ ጭቃ ተለስና ነበር።

ከየት መጣ አትበሉኝ። እኛ ከማደያ ይልቅ ጀሪካን የሚቀርበን ሰዎች ነን። ማደያ ሲኬድ ከ2015 ጀምሮ ብር ይዞ መምጣት አይሠራም፣ በስልክ ክፈል ነው፤ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው ግን ጥሬ ብሩን በደስታ ይቀበላል። ያ ቤንዚን በስንት በርሜልና በስንት ጀሪካን ተገላብጦ እንደመጣ ሻጩም አያውቅም። አገራችን ደግሞ ዝናብ የማይጠግብ፣ ጉም ከጫካ የማይለይበት ነው፤ ግማሽ ጎደሎ በርሜል ወይም ግማሽ ጎደሎ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ያልበዋል፣ ጠብታውም ወደ ሥር ይወርዳል። በዚህ ላይ ላምባ የሚቀላቅል አለ። ቤንዚኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ንጹሕ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፣ ቅባት ያለው ምልክት ከተወ ግን ባዕድ ነገር አለበት። በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ነዳጅ የሚበርዘውን ይቀጣል፤ እኛ ግን ቀጪ ሳንፈልግ የምንቀጣው ኢንጀክተሩን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ጀበናው አተላ እንደያዘ ሲኒውን ብቻ ደጋግሞ የሚያጥብ ሰው አይታችኋል? የታንኩን ቆሻሻ ትቶ ኢንጀክተር ማሳጠብ እሱ ነው። ዛሬ በማሽን ይጸዳል፣ ነገ ያው ጀሪካን ይገለበጥበታል፣ ከነገ ወዲያ ያው ሳል።

ማጠብ ጭራሽ አያስፈልግም አላልኩም፤ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። አሮጌ መኪና ከሻጩ ግቢ ለወራት ቆሞ የከረመ ከሆነ ውስጡ ያለው ቤንዚን ይበላሻል፣ ሙጫ ሆኖም የኢንጀክተሩን ቀዳዳ ይይዛል። ካንዴላው፣ ፊልትሮው፣ ኮይሉ ደህና ሆኖ፣ የፖምፓው ግፊት ተለክቶ፣ ኮምፒውተሩም ተነቦ ሳሉ ካልቆመ፣ ያኔ ይታጠብ። ሲታጠብ ግን ኢንጀክተሩ ወጥቶ ማሽኑ ላይ ሲረጭ በዓይናችሁ እዩ፤ ከመታጠቡ በፊትም በኋላም። ሁሉም እኩል መጠን፣ እንደ ጉም የደቀቀ ርጭት ካወጡ ገንዘባችሁ ሥራ ሠርቷል። መልሶ ሲገጠምም የጎማ ማሸጊያዎቹ ይቀየሩ። ታንክ ውስጥ የሚጨመረው የጠርሙስ መድኃኒት ቀለል ላለ ቆሻሻ ይረዳ ይሆናል፤ የሞተ ፖምፓ ግን አያስነሣም፣ ጣት የሚያህል ውሃም አያጠፋም። ልጁ ቲክቶክ ላይ ያጠፋል ሲሉ አይቻለሁ ይላል። ቲክቶክ ላይ ያልዳነ ምን አለና!

የናፍጣ ባለቤቶችም አትሳቁ። ሃይሉክስም ሆነ አይሱዙ ለምትነዱ፣ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት አለ፤ በየጊዜው ካላፈሰሳችሁት ውሃው ፖምፓና ኖዝል ይገባል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው፤ ላምባ ሲቀላቀልበት ይቀጥናል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። የናፍጣ ፖምፓ ዋጋ ደግሞ ክሊኒንጉን በምርቃት የሚያስታውስ ነው።

ብልጦቹ «ኤሌክትሪኳን መኪና ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። እሺ፤ መብራቱ እስኪመጣ በቅሎዋን ልጫን?

የልጁ ቪትዝ የነዳጅ ታንኩ ተራግፎ፣ ወንፊቷ ተቀይሮ፣ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ገብቶላት ዳገቱን እየወጣች ነው፤ ኢንጀክተሯ ግን አልተነካም። እናንተም አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ሳል ከጀመራት መጀመሪያ ነዳጇን በጠርሙስ አቁማችሁ እዩ፤ ቀጥሎ ፊልትሮና ካንዴላ፤ ቀጥሎ የፖምፓ ግፊት፤ ማሽኑ መጨረሻ። ጀሪካን ሻጩም ጎረቤት ነው ብላችሁ ዝም አትበሉት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱና ውሃውን በቤንዚን ዋጋ መሸጥ ከመቼ ጀምሮ ነው በሉት።