ለእትዬና ለቤተሰቡ ሁሉ፦ ሚላኖ ውስጥ ራት እንዴት እንደሚበላ

በሚላኖ መሐል ከተማ፣ ከዱኦሞ ካቴድራልና እ.ኤ.አ. በ1867 ከተመረቀው የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ጋለሪያ አካባቢ ባሉት ደህና ደህና ምግብ ቤቶች ራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ብዙም አይጀመርም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ርቦት የመጣ ሰው ጎዳናውን ሲዞር ያመሻል።

ምግቡ በተራ ነው የሚመጣው። መክፈቻው አንቲፓስቶ ነው፤ ቀጥሎ ፓስታ ወይም ሩዝ የሚቀርብበት ፕሪሞ፣ ከዚያ ሥጋ ወይም ዓሣ የሆነው ሴኮንዶ፣ በመጨረሻም ጣፋጭ። ከሥጋው ጎን የሚበላው አትክልት ለብቻው ይታዘዛል፤ ለብቻውም ይከፈልበታል። ፓስታ በእንጀራ እየጠቀለለ ያደገ አበሻ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እሱ ሙሉ ምሳ ብሎ የሚያውቀው ምግብ እዚህ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነው። ፓስታው ሲነከስ ደግሞ መሐሉ ጠንከር ይላል። ጋዝ አልቆባቸው ሳይሆን ሆን ብለው ነው። «ትንሽ ይብሰል» ተብሎ ቢመለስ አስተናጋጁ ሰሃኑን በትሕትና ይቀበላል፤ ፊቱ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ይሆናል። ዓሣ ባለበት ፓስታ ላይ ፓርሚጃኖ መጠየቅም ያው ነው።

የከተማዋ ኩራት ሪዞቶ ነው። ሩዙ በቅቤና በመቅኒ ይቁላላል፣ መረቅ በጭልፋ እየተጨመረ ይማሰላል፣ ሳፍሮን ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። እርድ ነው ብሎ የሚገምት አበሻ አይጠፋም፤ ዋጋውን ሲያይ ይታረማል። አብሮት የሚቀርበው ኦሶቡኮ በአግድም የተቆረጠ የጥጃ ቅልጥም ነው፤ በነጭ ወይንና በመረቅ ቀስ ብሎ ይበስልና የሎሚ ልጣጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፐርሰሜሎ ተከትፎ ይነሰነስበታል። ለመቅኒው ቀጭን ማንኪያ ይሰጣል። እትዬ የሚያውቁት ዘዴ፣ አጥንቱን ሰሃኑ ላይ ኳ ኳ አድርጎ መምጠጥ፣ ከማንኪያው የበለጠ ለመሥራቱ ጥርጥር የለውም፤ በአጠገብ ያሉት ተመጋቢዎች ግን ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ።

ከራት በኋላ ካፑቺኖ አይታዘዝም፤ እሱ የጠዋት ነው። የሚጠጣው ኤስፕሬሶ ነው፤ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ አቦል፣ ቶናና በረካ የሌለው።

ሒሳብ ካልተጠየቀ አይመጣም። ሲመጣ ከላይ ኮፐርቶ የሚባል አለ፤ ዳቦ ተነካም አልተነካም በየሰዉ የሚከፈል የመቀመጫ ዋጋ ነው። ሮም ያለችበት የላትሲዮ ክልል እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሎታል፤ ሚላኖ ውስጥ ግን ዛሬም ይከፈላል። ውሃውም በጠርሙስ ነው፤ «ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው?» ሲባል ሁለቱም መልሶች ያስከፍላሉ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ይህን ሁሉ ከፍሎ ላልጠገበ፣ ከዱኦሞ በቀዩ የሜትሮ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ፖርታ ቬኔዚያ ነው፤ የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እዚያ ሰፈር ይገኛሉ። የዚህ ወር ሐዋላ ያነሰበት ምክንያትም ከዚሁ ማብራሪያ በቀላሉ ይገኛል።