ድሮ እኮ ያለ ፊርማም ጎረቤት ነበርን!

እህህ! ወገኖቼ፣ ጉርብትናም በፊርማ ሆነ አሉ። ኢጋድ ጅቡቲ፣ ኮሜሳ ሉሳካ ቢሮ ከፍተው ይሰበሰባሉ፤ ይህ አልበቃ ብሎ መጋቢት 2010 መሪዎቹ ኪጋሊ ወርደው የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና የሚባል ውል ፈረሙ። በእኛ ጊዜ ማን ፈረመ? ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ መውረድ ነው፤ አለቀ።

ባቡር ስል ታዲያ በ1909 አዲስ አበባ የገባውን፣ የለገሃሩን ማለቴ ነው። የዛሬውማ በኤሌክትሪክ እየከነፈ፣ ብርቱካን ልጠህ ሳትጨርስ አዋሽን ጥሎ ይሄዳል። ለመሳፈርም ከከተማ ወጥተህ ለቡ ድረስ! የድሮው አዛኝ ነበር፤ ዳገት ሲከብደው ይቆማል፣ እኛም ወርደን እንጫወታለን። ማን ይቸኩላል? ባለፈው የወንድሜ ልጅ ወደ ጣቢያው ሊያደርሰኝ ብሎ ሩብ ሰዓት ቢያስጠብቀኝ ግን ደሜ ፈላ። የዘንድሮ ልጅ ሰዓት አያከብርም።

ሕግ አክባሪነታችንስ! ደወሌ ላይ ፈታሽ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጭምት ይሆናል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቀሚስ በቀሚስ ደርባ፣ ሽቶውን ጉያዋ ሸጉጣ፣ በዚያ ሐሩር «በረደኝ ልጄ» ትለዋለች። እሱም «እግዜር ይማርሽ እናቴ» ብሎ ያልፋል። መተሳሰብ እንዲህ ነበር! የዛሬዎቹ ግን ኮንትሮባንድ በከባድ መኪና፣ ያውም በሌሊት! ምን ዓይነት ሌቦች ናቸው?

በ2013 ደግሞ ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ ፈታሾች ጎን ለጎን ይሥሩ፣ መንገደኛውም አንዴ ቆሞ ይለፍ ተባለ። ሁለት ኬላ ሳይቆሙ ድንበር ተሻገርኩ ይባላል? በሰልፉ ላይ ስንቱ ተዋውቆ ተጋባ! መንግሥትም ቢሆን አበዛው፤ አንዲት ዕቃ ለማስገባት ስንት ወረቀት፣ ስንት ማኅተም!

መብራቱንም ከወላይታ ሶዶ ሽቦ ዘርግተው፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አሻግረው ለኬንያ ይሸጡታል። የእኔ አምፖል ሲጠፋ የሰው አገር ይበራል! ናይሮቢ ያለው ልጄ ግን ተመስገን፣ መብራት ስላለው ሥራው አይስተጓጎልም፤ በየወሩም አይረሳኝም።

እናንት ፈራሚዎች፣ የሽማግሌ ምክር ስሙ፦ ውሉን ቅደዱት፣ ባቡሩም ያዝግም። ቀረጡ የሚነሳበትን ቀን ግን ቀደም ብላችሁ ሹክ በሉኝ፤ ከጅቡቲ የማስመጣው ቴሌቪዥን አለ።