ቁጥሬን ማን ሰጠህ?

ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ሴባስቶፖል መድፍ ፊት ለፊት ቆሜ ኦቾሎኒ ስቆረጥም ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ባለ ሁለት መኝታ ቪላ አግኝተንልዎታል። ታንከር ስላለው ውሃ አይጠፋም። አከራይዋ ደግሞ ውጭ አገር ናቸው፤ አያዩዎትም፣ አያዩዋቸውም!»

የምሥራች ነበር። ችግሩ፣ እኔ ቤት መፈለግ ካቆምኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ያኔ ቁጥሬን ለአንድ ደላላ ሰጠሁ። ለአንድ ብቻ! አንዲት ሰርቪስ ቤት አገኘልኝ፤ ኮሚሽኑን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ዕቃዬን በአይሱዙ አስጭኜ ገባሁ። በኔ በኩል ጉዳዩ አለቀ። በቁጥሬ በኩል ግን ገና መንገድ መጀመሩ ኖሯል። ከአራዳ ተነሥቶ ሜክሲኮ ወረደ፤ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ደረሰ፤ በሲኤምሲ ዞሮ አያት አደረ። እኔ የታክሲ ሰልፍ ፈርቼ የማልሄድበትን ሰፈር ሁሉ ቁጥሬ አዳረሰው።

«አንተ ልጅ፣ ቁጥሬን ማን ሰጠህ?»

«ልጆቹ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«ልጆቹ ናቸዋ፣ ጋሼ!»

ፈረንጆችም ይህ ሥራ አላቸው፤ ሠራተኛውንም «የመረጃ ደላላ» ይሉታል። ስም በማውጣት ለአንዴ እንኳ ከኛ ጋር ገጠሙ። የሰውን ስም፣ አድራሻ፣ ዕድሜ፣ ምን እንደሚገዛና ምን እንደሚያምረው ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው ለፈለገ ይሸጣሉ። ከአንጋፋዎቹ አንዱ አክሲየም አርካንሳስ ውስጥ የተቋቋመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኮምፒዩተር ቁም ሣጥን በሚያህልበት ዘመን። ከኛው ደላላ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ የኛው ለሰው ቤት ያከራያል፤ የነሱ ሰውየውን ራሱን ያከራያል።

ካሊፎርኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ከነዚህ ሰዎች መዝገብ ልውጣ ብሎ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። «እባካችሁ ሰርዙኝ» ይላቸዋል። «በደስታ! እርስዎ እርስዎ መሆንዎን እንድናረጋግጥ የመታወቂያዎን ቅጂና የአሁን አድራሻዎን ይላኩልን» ይሉታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ያውም ፎርም ሞልታ፣ ፈርማ! በመጨረሻ የግዛቱ መንግሥት አዘነለት መሰለኝ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ነዋሪው ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ማመልከቻ ብቻ ያስገባል፤ በመዝገብ ለሰፈሩት ደላሎች ሁሉ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዲቪ የደረሰው ዕለት የነበረውን ይመስል ነበር።

እኛስ ምን አንሶን? እኛም አዋጅ አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት አለው፤ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሌላ ቀን ያው ደላላ ልጅ ሲደውል ጉሮሮዬን ጠርጌ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ በጨዋነት ሰማኝ።

«ገባኝ፣ ጋሼ። ቤቱ የባለሥልጣን ነው። ኮሚሽኑስ ስንት ነው?»

«ምንም ቤት የለም! ቁጥሬን አጥፋልኝ ነው የምልህ። ልጆቹም ያጥፉልኝ!»

«ይሄማ ቀላል ነው። አሁኑኑ ለሁሉም እነግርልዎታለሁ።»

ቃሉን ጠበቀ፤ ነገራቸው። ጉዴ የፈላውም ያኔ ነው። «እኚህ ሰውዬ ቤት አይፈልጉም፤ አጥፏቸው» የሚል መልእክት ከነቁጥሬ በቴሌግራም ተበተነ። እስከዚያች ምሽት ድረስ ቁጥሬን የማያውቁ ጥቂት ደላሎች በከተማው ቀርተው ከነበረ፣ እነሱም አወቁት። በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኬ ፋታ አጣ።

«ጋሼ፣ ቤት አይፈልጉም አሉ።»

«አዎ፣ አልፈልግም።»

«ቤት ካልፈለጉ ቤት አለዎት ማለት ነዋ! የሚያከራዩት ስንት ክፍል ነው?»

በዚህ ዕጣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት ኋላ ነው። አንድ ስፔናዊ በ1998 እ.ኤ.አ. ቤቱ ለዕዳ በሐራጅ እንዲሸጥ ጋዜጣ ላይ ወጥቶበት ነበር። ዕዳው ካለቀ ከስንት ዓመት በኋላም ስሙን ጉግል ላይ የጻፈ ሁሉ ያንኑ ማስታወቂያ ያገኛል። ሰውየው ተሟገተ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፈረደለት። «የመረሳት መብት» የሚባለው በዓለም የገነነው በዚያ ፍርድ ነው። ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ ሰውየውንም ዕዳውንም በቃሉ ያውቃል፤ እንደሱ የሚታወስ ተረሺ የለም። እኔ ስሙን አልጽፈውም። ቢያንስ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ይረሳለት።

ይህን እያሰላሰልኩ ለአንድ ወዳጄ ደወልኩለት። ሳቁን መግታት አቃተው። ስልኩ ላይ የደዋይን ስም የሚያወጣ መተግበሪያ ጭኗል። የመተግበሪያውን ስም አልጠራም፤ እሱ ግን የኔን ጠርቶታል፦ «ጨቅጫቃው ተከራይ አራዳ»። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው። እኔ መተግበሪያውን ጭኜው አላውቅም፤ ታዲያ እንዴት አወቀኝ? ወዳጄ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሚጭን ሰው «እስማማለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ሲጫን ስልኩ ውስጥ ያለውን የስም ዝርዝር በሙሉ ሊያስረክብ ይችላል። በሱ ጣት እኔ ተስማማሁ ማለት ነው። ለመውጣትም መንገድ አለው አለኝ፦ ወደ ድረ ገጹ ገብቶ ቁጥርን ከነአገር ኮዱ መጻፍ።

«ቁጥሬን እንዲረሱልኝ ቁጥሬን ልስጣቸው?»

«አዎ። እስካሁንም ይዘውታል እኮ፤ ምን ይጎድልብሃል?»

በሳምንቱ ያው አደባባይ ተመልሼ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ጥቅልሏ ውስጥ ጽሕፈት አየሁና ገለጥ አደረግኋት። የቤት ኪራይ ውል ቅጂ ነው! የአከራይ ሙሉ ስም፣ የተከራይ ሙሉ ስም፣ የወር ኪራይ፣ ስልክ፣ የሦስት እማኞች ፊርማ። ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለባንኩም፣ ለትምህርት ቤቱም «ዋናውን ከነኮፒው» ስንል የኖርነው ኮፒ መጨረሻው የት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ኦቾሎኒውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን ብጥስጥስ አደረግሁት። በአዋጅ 1321 መንፈስ በእጁ መረጃ የደመሰሰ የመጀመሪያው የአራዳ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«ፋዘር፣ ቆሽሾ ነው እንዴ?» አለ ኦቾሎኒ ሻጩ ልጅ ደንግጦ። ኪሴ መገልበጤም አሳዘነው መሰለኝ፣ አንድ እፍኝ መረቀልኝ። የጠቀለለው በሌላ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ነበር።

ቀና ብዬ መድፉን አየሁት። እሱም ኮፒ ነው። ጋፋት የተሠራው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ዋናው ያለው መቅደላ ነው። ባለቤቱ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ፣ እንግሊዞቹ ከአስከሬናቸው ላይ ጸጉራቸውን ቆርጠው ወሰዱ። መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አወጡ። ደላላ የሌለበት ቦታ የለም። ከሰው ጸጉር የበለጠ የግል መረጃ ደግሞ ከየት ይመጣል? ንጉሡን ማንም «እስማማለሁ» አላሰኛቸውም። ጸጉሩ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተበረከተ። ወደ አገሩ የተመለሰው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ይመለስልን ያለው መንግሥት ነው፤ የተመለሰው የንጉሠ ነገሥት ጸጉር ነው፤ እንዲያም ሆኖ 151 ዓመት ፈጀ። የኔ ቁጥር ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ብታገሥ 148 ይቀረኛል።

ደላላው ልጅ ግን እስከዚያ አላስጠበቀኝም። ደወለ።

«ጋሼ፣ ደስ ይበልዎት! ደብተራችን ላይ 'አይደወልላቸው' የሚል አዲስ ገጽ ከፍተን አንደኛ ላይ ጽፈንዎታል።»

«ጻፋችሁኝ?»

«እንዴ! ካልጻፍንዎት እንዳንደውልልዎት በምን እናውቃለን? ይህንኑ ልነግርዎት ነው የደወልኩት።»

ለካ በትልልቆቹ አገሮችም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እንዳይነኩህ የማይነኩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡሃል። አመስግኜው ዘጋሁ።

ባለፈው ሰኞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንገቱን ደፍቶ ቢሮ ገባ። አከራዩ ኪራይ ጨምሮበት ሌላ ቤት እየፈለገ ነው። ልጆች አሉት፤ አሳዘነኝ። ልክ በዚያች ሰዓት ደብተሩ ያልደረሰው አንድ ደላላ ደወለልኝ፦ ባለ አንድ መኝታ፣ ንጹሕ ግቢ፣ ታንከር ያለው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ የባልደረባዬን ቁጥር ሰጠሁት። ለአንድ ደላላ ብቻ!

ኀሙስ ዕለት ባልደረባዬ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፤ በእጁ ያለው ስልክ ይጮኻል።

«ኧረ ለመሆኑ፣ ቁጥሬን ማን ነው የሰጣቸው?»

ጥቂት አሰብኩ።

«ልጆቹ ናቸዋ» አልኩት።