ስምዖን አዟል

የዘንድሮ የእንግሊዝኛ መምህራን ማስተማሩን ወደ ጨዋታ ለውጠውታል። ጨዋታው ክፍል ውስጥ አልበቃ ብሎ አሁን ገበያችን ድረስ ወጥቷል። እኔ የሮብ ገበያችንን የማውቀው ጤፍ ሲሰፈር፣ ቅቤ እየተሸተተ ሲማረጥ፣ ጌሾ በአህያ ግፊያ መሀል ሲሸጥ ነው። አሁን ግን ደብተር የያዘ ልጅ ሁሉ በየመደቡ እየዞረ “ሀው ማች?” ይላል። አይገዛ፣ አይሸጥ! አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ልጆቹ ዋጋ ጠይቀው ሲጽፉ ብታይ የግብር ሰዎች የላኳቸው መስሏት ሽንኩርቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷን አይታ ጎረቤቷም ሸፈነች። ወዲያው ወሬው መደብ ለመደብ ሮጠና ሽንኩርት ከገበያው ጠፋ። ለቀረችው ጥቂት የከፈልሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

የልጅ ልጄን “ምን ጉድ ነው ይኼ?” ብላት፣ “የቤት ሥራ ነው አባባ። ሮል ፕሌይ ልንሠራ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋ ሰብስቡ ተባልን” አለችኝ። ክፍል ሲገቡ ግማሹ ነጋዴ ግማሹ ሸማች ሆኖ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ብር ይዞ በእንግሊዝኛ ይከራከራል አሉ። የሮብ ገበያ ልጅ ደግሞ ዋጋ መከራከር ሊማር!

በሌላ ጊዜ “አንድ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ጠይቁ” ተባሉና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። የልጅ ልጄ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። የሽማግሌ ዕድሜ እንዲሁ ዘጭ ተደርጎ አይነገርምና ከአቦሉ እስከ በረካው የሆነውን ሁሉ አወጋኋት፤ ርሃቡን፣ አዝመራውን፣ የመንግሥቱን መለዋወጥ ሳይቀር። ደብተሯን ባስነብባት የጻፈችው “ሂ ኢዝ ኦልድ” የሚል ብቻ ነው። መምህሩም ራይት ሰጣት!

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ስምዖን ነው። መምህሩ “ሳይመን ሴይስ፣ አፍንጫህን ንካ” ሲል ልጁ ሁሉ ይነካል፤ የስምዖን ስም ሳይጠራ የታዘዘ ከጨዋታው ይወጣል። እኔ የማውቀው ዓምድ ላይ ቆሞ የኖረውን ቅዱስ ስምዖንን ነው፤ እሱ የሰው አፍንጫ አስነክቶ አያውቅም። መምህሩን መንገድ ላይ አግኝቼ ብወቅሰው፣ “አባቴ፣ ይኼ እኮ ጥናት ነው። ጀምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ፣ ሕፃን ትእዛዝ ሰምቶ በአካሉ እየፈጸመ ቋንቋ እንደሚለምድ አይቶ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ያወጣው ዘዴ ነው” አለኝ። ለዚህ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደ? የትኛዋም የሞጣ እናት “እሳት አምጣ፣ በሩን ዝጋ፣ ንፍጥህን ጥረግ” እያለች ልጇን አማርኛውን አስጨርሳዋለች።

ጨዋታው አይደለም ያንገበገበኝ፤ “አዲስ የፈጠራ ዘዴ” መባሉ ነው። ፈጠራማ በቅኔ ቤቶቻችን ድሮም ነበር፤ ቢቸና ጥግ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ደብረ ወርቅም ሩቅ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ደራሲ በልጅነቱ የተማረባቸው ደብሮች ናቸው። የሰላም ጓድ የተባሉት አሜሪካውያን በ1950ዎቹ ሊያስተምሩ ወደ አገራችን ሲገቡ እኔ ቅኔ ቤት ነበርሁ። ቅኔው የሚቆጠርበት ግዕዝ እናት ልጇን የማታባብልበት፣ ሻጭና ገዢ የማይነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ ከዚህ የባሰ ባዕድ ቋንቋ ካለ አምጡልኝ። የኔታ ግን ካርቶን አልቆረጡልንም። ቀተለ፣ ቀደሰ እያሉ ግሱን ያስገስሱናል፤ ከዚያ በየጥሻው ተበታትነን ቅኔ ስንቆጥር ውለን ማታ በነገራ ሰዓት የቆጠርነውን ለየኔታ እንነግራለን። እሳቸው ያርሙታል፣ አንዳንዴም አፍርሰው ያስጀምሩናል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይነሣና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የጓደኛን መውሰድማ አይነሣ! በየቀኑ አዲስ፣ ያውም ሰምና ወርቅ ያለው፣ ያውም በቆሎ ተማሪ ባዶ ሆድ። ፈጠራ ይሉሃል ይኼ ነው።

ደግሞ በመካከል “ፕላዝማ” የሚሉት ነገር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት በቴሌቪዥን የሚመጣ መምህር በእንግሊዝኛ ሒሳቡን ያንበለብለዋል፤ ልጅ እጁን ቢያወጣ አያይ፣ “አልገባኝም” ቢሉት አይሰማ። መብራት ሲሄድ መምህሩም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ሲመዘን ገበያ የሚያውከው የዛሬው ጎረምሳ መምህር ሳይሻል አይቀርም።

ለወላጆች ስብሰባ ተጠርቼ ክፍሉን አየሁት። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ልጅ ታጭቋል፤ እዚያ ውስጥ “ተነሡ፣ ዙሩ፣ ጓደኛችሁን ጠይቁ” ማለት በሮብ ቀን ጋሪ በገበያ መሀል እንደማዞር ነው። መምህሩ ካርቶኑን ከሱቅ ለምኖ፣ ማርከሩን ከደመወዙ ገዝቶ ነው የሚያመጣው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ የሚለው ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ የማርከሩ ነገር ግን እስከ ዛሬ በመምህሩ ኪስ ቀርቷል። ይህን ካየሁ ወዲህ ድምፄን ቀነስ አድርጌ ነው የምራገመው።

እንግዲህ መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ስምዖንህን አትተው፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ በቀን አንድ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ትናንት ያላለውን፣ ጓደኛው ያልቀደመውን፣ ከራሱ አውጥቶ ፊትህ ቆሞ ይንገርህ። አንተም ሰምተህ አርመው። እንዴት እንደሚደረግ ማየት ከፈለግህ ወደ ቅርብህ ቅኔ ቤት ጎራ በል፤ ነገራው ማታ ማታ ነው።