የውሻ ጠጉርና ጥፍር አያያዝ በምዕራብ ጎጃም፦ የመስክ ጥናት

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ የውሻ የውበት ሳሎን የለም። ጥናቱ የተነሣው ከዚህ ነው፦ ሳሎን ሳይኖር ውሻው እንዴት ውሻ ሆኖ ይኖራል?

ባለቤቶች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አጭር በመሆኑ («ልጄ፣ ውሻ እኮ ነው!») አጥኚው መረጃውን ከራሱ ከውሻው መሰብሰብ ግድ ሆኖበታል። መረጃው የተሰበሰበው ከአጥር ውጭ ነው።

በጥፍር እንጀምር። የውሻ ጥፍር ዕድሜ ልኩን ያድጋል። አዲስ አበባ ቪላ ውስጥ ሴራሚክና ምንጣፍ ላይ የሚውል ውሻ ጥፍሩን የሚፍቅለት ነገር የለም፤ ወለሉ ላይ ኳ ኳ ማለት ሲጀምር ጊዜው ደረሰ ተብሎ መቁረጫ ይመጣል። ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ አለ። ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ የደም ሥሩ ስለማይታይ ቆራጩ ጥቂት ጥቂት እያለ ይሄዳል፤ ከሳተ ደም ይፈሳል፣ ወዳጅነትም ይቀዘቅዛል። በምዕራብ ጎጃም የኳ ኳውን ምርመራ ማካሄድ አልተቻለም። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነው፤ ቢሆንም ባይሆንም ውሻ ቤት አይገባም። ጥፍሩን የሚሞርደው ኮረቱና ሌሊት ጅብ ለማባረር የሚደረገው ሩጫ ነው። ጅቡ ለአገልግሎቱ አያስከፍልም።

ሥርዓቱ አንድ ጉድለት አለው። ከፊት እግር በውስጥ በኩል ከፍ ብላ የምትገኘው የአውራ ጣት ጥፍር መሬት አትነካም። ስለዚህ አትሞረድም፤ ስትረዝም ተጠማዝዛ ሥጋ ልትወጋ ትችላለች። ኮረቱም ጅቡም እዚህ ላይ አቅም አጥተዋል።

የጠጉሩ ጉዳይ የተሻለ ተደራጅቷል። ማበጠሪያው የአጋም አጥር ነው፤ ውሻው በቀዳዳው በሾለከ ቁጥር የረገፈ ጠጉሩን እሾሁ ላይ ትቶ በምትኩ ጨጎጊት ተሸክሞ ይወጣል። የተጣራ ትርፉ ገና አልተሰላም። ገላ መታጠብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሰማይ ይፈጸማል፤ በቀሩት ወራት የአመድ ክምር ላይ መንከባለል ይተካዋል። መዥገር የመልቀም ሥራ በከፊል የዶሮ ነው፤ ዶሮ ከተኛ ከብት ላይ መዥገር እንደምትለቅም የታወቀ ሲሆን፣ ከውሻ ጋር ስትሠራ ግን ውሻው መጥገቡን ማረጋገጥ ይኖርባታል። እንዶድ ለነጠላና ለጋቢ እንጂ ለውሻ ሲባክን አልታየም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የእንዶድ አረፋ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተውለዋል፤ የቁንጫው ምዕራፍ ለወጣት ተመራማሪዎች ክፍት ነው።

ሰው በገዛ እጁ የሚሰጠው አንድ የውበት አገልግሎት ቢኖር ጆሮ መቁረጥ ነው። ጆሮው የተቆረጠ ቡችላ ሲያድግ ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ይህ የተደረገበት ውሻ ሁለተኛ ቀጠሮ አይዝም፤ ኃይለኛ የሚሆነውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። (አጥኚው ልማዱ ቢቀር ደስ ይለዋል።)

ተቃራኒው አያያዝ የታየው በመናገሻ ከተማ ነበር። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አልፈዋል። ሆኖም በኋላ በቤተ መንግሥት ጭናቸው ላይ ያስቀመጧት ትንሿ ውሻቸው ሉሉ እንጂ የቡሬ ውሻ አልነበረም። በምንጣፍና በጭን መካከል የኖረ ጥፍር መቁረጫ እንደሚያሻው ከላይ ተረጋግጧል።

ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ መቁረጫ ይዞ ቢመጣ ጥናቱ የሚመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ ቀጥሎ አፉ ይታሰር፣ ከዚያ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጫፍ ብቻ ትቆረጥ። ማን ይያዘው ለሚለው ጥያቄ ባለቤቱ ልጁን ጠቁሟል፣ ልጁ ታናሹን፣ ታናሹ አጥኚውን።