ሸረሪቷን ልቀቋት!

ጅቡቲ ከተማ፣ ፒኬ 12። የእኛ ከባድ መኪኖች ወረፋ ይዘው የሚያድሩበት ሰፈር። ሐምሌ ላይ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ጥላ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። አንድ ረዳት እጅጌውን ሰብስቦ ብጉንጁን አሳየኝ፤ ዙሪያው ቀልቷል፣ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሸረሪት ሸናብኝ፣ ጋሼ።»

«ትናንት ሾፌርህ ላይ፣ ዛሬ አንተ ላይ! ያቺ ሸረሪት ስኳሯን ትታይ።»

አሜሪካኖችም «ሸረሪት ነከሰኝ» እያሉ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ኤምአርኤስኤ፣ መድኃኒት የተላመደው ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እዚያ ነካሽ፣ እዚህ ሸኚ። ምስኪኗ ጠበቃ ብታቆም ሁለታችንንም ትከሰን ነበር።

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ጋቢና ውስጥ የተንጠለጠለው አረንጓዴ ፎጣ የማን ነው?»

«የጋራ ነው።»

«ብጉንጁም የጋራ ነዋ!»

አይግረመው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሴንት ሉዊስ ራምስ በሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን 5 ተጫዋቾች በዚሁ ስታፍ ቆስለዋል። አጥኚዎች ሲያዩ አንዷን ፎጣ እስከ ሦስት ሆነው ይጠርጉባታል። ሚሊየነር ሆነው ፎጣ በዕቁብ!

«አሞክሳሲሊን ወስጃለሁ እኮ።»

«ስንት ፍሬ?»

«አራት። የተረፈውን ለጓደኛዬ ሰጠሁት።»

«ደግ ነህ፤ ስታፉም ውለታህን አይረሳም።»

አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ነው፤ ኤምአርኤስኤ ደግሞ ያንን ዘር ንቆ የተወ ነው። የዚያው ዘር የሆነው ሜቲሲሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ፣ የሚቋቋመው ስታፍ በ1961 ከእንግሊዝ ተሰማ። እኛ አንድ ኮንቴይነር ከወደብ ለማስወጣት ስንጨቃጨቅ እሱ ጨርሶ ወጥቷል።

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ፦ «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው። ካምፕ ሌሞኒየር ያሉት የአሜሪካ ወታደሮች ይፍሩ።»

«የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አገር ቤት የተሠሩ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ ከስታፉ 32 በመቶ ገደማው ሜቲሲሊንን የሚቋቋም ነው። ፈረንጅ ከሆነም አማርኛ ለምዷል።»

«ብጉንጅ ሰው አይገድልም!»

እዚህ ላይ ተረቡን ለአፍታ ልያዘው። አንዳንዱ ስታፍ መርዝ ያመርታል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ያጠኑት ፓንተንና ቫለንታይን ስማቸውን ሰጥተውታል። መርዙ ሊከላከሉን የሚመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት እየበሳ ይገድላል። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ በመግል ያበቃል። ሳንባ ከገባ ግን፣ በተለይ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ፣ ጤነኛ ወጣት ደም እያስሳለ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1999 መካከል በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ መድኃኒት የተላመደው ስታፍ 4 ሕፃናትን ገድሏል፤ አንዳቸውም ሆስፒታል ተኝተው የያዛቸው አይደለም።

ረዳቱ ሁለት አውራ ጣቱን ብጉንጁ ላይ አስጠጋ።

«ተው! የጥርስ ሳሙና መሰለህ እንዴ?»

«ላፍርጠውና ልገላገል ብዬ ነው።»

«ፔልቲዬ ሆስፒታል ሂድና በንጹሕ ምላጭ ይክፈቱልህ። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃዋል። ሸፍነህ ያዘው፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ትኩሳት ከያዘህ ወይ መተንፈስ ካቃተህ ግን ወረፋ ምናምን አትበል፣ ሩጥ።»

«ፎጣውስ?»

«ለየብቻ።»

ሾፌሩ ፊቱ ጠቆረ። «ሁለት ፎጣ? በዚህ ኑሮ?»

«ባለ 40 ቶን ተሳቢ እየነዳህ አንድ ሜትር ጨርቅ ከበደህ?»