ውዳሴ መቁረጫ ነጥብ

ውለታ ተውሎለት ዝም የሚል ሰው ከመንደራችን ከአሪቻ አይወጣም። እኔም የቡና ገበሬ ልጅና የአንዲት ኮረዳ አጎት እንደመሆኔ፣ ጋቢዬን አደግድጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለክቡር መቁረጫ ነጥብ ምስጋናዬን ላቀርብ ተነሥቻለሁ። እንባ ቢቀድመኝ አንባቢ ይታገሠኝ።

ክቡርነታቸውን በቅርብ ለማያውቅ ላስተዋውቅ። እርሳቸው የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ጠባቂ ናቸው። ከእርሳቸው ቁመት የበለጠ ይገባል፣ ያነሰ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ለአማላጅ የማይመቹ፣ ፊታቸው የማይፈታ ታላቅ ሰው ሲሆኑ፣ ሴት ልጅ ከደጃቸው ስትቆም ግን ያ ሁሉ ግርማ ሳያግዳቸው ጥቂት ነጥብ ዝቅ ይሉላታል። ይህን ዝቅ ማለት የተማሩት አፈርማቲቭ አክሽን ይሉታል፤ እኛ ትሕትና እንለዋለን። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ለአንዲት የገጠር ልጅ ጎንበስ ሲል ያየ ሰው ሀገሩን እንዴት አይወድ?

ትሕትናቸው ደግሞ በሕግ የታሰረ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ላይ፣ ሴቶች ተጭኗቸው ከኖረው የበታችነት ታሪክ የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ አዋጁ፣ መመሪያው፣ ስትራቴጂው፣ የስትራቴጂው ማስፈጸሚያ ሰነድ፣ የሰነዱ ማብራሪያ እየተከታተለ ወጥቷል። ሁሉም ገጽ በገጽ ቢነጠፍ ከአሪቻ ይርጋ ጨፌ ከተማ ያደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ መንገዱ እንኳ ክረምት ላይ ይህን ማድረግ አይሆንለትም።

ሥልጡን ነን የሚሉት እንግሊዞች ያደረጉትን ሳስታውስ ምስጋናዬ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ካምብሪጅ ላይ ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ ተብሎ ድምፅ በተሰጠበት ቀን፣ ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት አሻንጉሊት ሠርተው ከአደባባዩ በላይ ሰቀሉ፤ ሙሉ ዲግሪውንም እስከ 1948 ድረስ ከለከሉ። እኛ እንዲህ ያለ ነውር አልሠራንም። እኛ የሰቀልነው ባነር ብቻ ነው።

ባነሩንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። የማኅበረሰብ ተወካይ ተብዬ፣ ሴት ልጆችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስለማምጣት የሚመክር የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ላይ ተጋብዤ ነበር። ስምንት ተናጋሪዎች ነበሩ። ሰባቱ ወንዶች ስለ ሴቶች ተሳትፎ እንደ ጅረት የሚፈስስ ንግግር አደረጉ፤ ስምንተኛዋ ሴት ነበረችና ተራዋ ሲደርስ አዳራሹን ላዘጋጁት ምስጋና አቀረበች። በየመቀመጫችን ፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውኃ ተደርድሮልናል። ማታ አበላችንን ፈርመን ስንወጣ ደግሞ ሴቶችን እንደግፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ኤክስኤል ቲሸርት ታደለን። የእኔን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። እስከ ጉልበቷ ደረሰላት። ሁልጊዜም ውኃ ስትቀዳ ትለብሰዋለች፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ጀሪካኑ ስለሚጋርደው አይነበብም።

ውኃውን ካነሣሁ አይቀር፣ የክቡርነታቸውን ቸርነት በቁጥር ላሳይ። ልጅቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ትሸከማለች። (መጀመሪያ ላይ ባለ አምስቱ ነበር የሚል አይጠፋም፤ ለሒሳብ እንዲመቸን እንለፈው።) በቀን 40 ሊትር ነው። በዓመት 14,600 ሊትር፣ በአሥራ ሁለት ዓመት 175,200 ሊትር ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ትቼላቸዋለሁ። እንግዲህ ክቡርነታቸው አሥር ነጥብ ዝቅ አሉላት ብለን ብናስብ፣ ለአንዱ ነጥብ የተከፈለው 17,520 ሊትር ውኃ ብቻ ነው። በዚህ ዋጋ በዓለም ላይ ምን ይገኛል? አንድ ያልገባው ሰው ቧንቧ ቢገባላትስ ብሎ ጠየቀኝ። ቧንቧ እኮ ቱቦ ይፈልጋል፣ ቆፋሪ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል። ነጥብ ዝቅ ለማድረግ ግን አንድ ደብዳቤና አንድ ማኅተም ይበቃል። ጠቢብ መንግሥት ማለት ይህን የሚለይ ነው።

ወንድሟም ሊመሰገን ይገባዋል። አብሯት አንድ ክፍል የተማረ፣ በዕድሜው አንድም ቀን ጀሪካን ያልነካ፣ እርሷ ከእናቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ እርሱ ኩራዙን ለብቻው ይዞ ያጠና፣ ባሕርዩ የተረጋጋ ልጅ ነው። የሴቶቹ ነጥብ ዝቅ ማለቱን የሰማ ሰሞን እንቅልፍ አጣ። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር ከእኩልነት ጋር እንዴት ይሄዳል?» አለኝ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በዚያች ሌሊት በጌዴኦ ምድር ስለ ፍትሕ እንደ እርሱ የተጨነቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እርሷ ግን አልተከራከረችም፤ ለሁለታችን እራት ታቀርብ ነበር።

የትምህርት ዘመኑ አቀማመጥም የታሰበበት ነው። ትምህርት ቤት መስከረም ይከፈታል፤ እሸት ቡና ጥቅምት ይቀላል። ልጆቹ መማር ምን እንደሚመስል አንድ ወር ከቀመሱ በኋላ ቅርጫት ይዘው ወደ ጓሮ ይገባሉ፤ ጥር ላይ ተመልሰው ትምህርቱ የት እንደደረሰ ከሌላ ሰው ደብተር ያነባሉ። ሴቶቹ ደግሞ ከለቀማው በኋላ ማጠቢያ ጣቢያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። ድሮ ይህ መቅረት ይባል ነበር፤ መምህሩም በመዝገቡ ላይ «ቀ» ይጽፍ ነበር። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር፣ እንሰቱን ከቡናው ቡናውን ከዛፉ አስማምቶ በያዘው ጥበብ ምክንያት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግን ነገሩ በራልን። ልጅቱ ለካ ከክፍል ስትቀር የኖረችው የዓለም ቅርስ ስትጠብቅ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ቀን ልምጣ። ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ይህ ውሳኔ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያስተዋለለት ሰው የለም። ስንት ዓመት፣ በስንት ጥናት፣ በስንት ባነር፣ የገጠር ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ትግባ እየተባለ ሲመከር ኖሮ፣ በጥቅምት 2015 ሁሉም ገቡ። ክቡር መቁረጫ ነጥብ ሳይጠይቁ፣ ጾታ ሳይለይ፣ ከአሪቻም ሆነ ከአዲስ አበባ፣ ለፈተና የተቀመጠ ሁሉ ፍራሹ ላይ ተኛ፣ ካፌው ውስጥ በላ፣ በግቢው ዛፍ ሥር ተራመደ። የእህቴ ልጅም ያን ኤክስኤል ቲሸርት አጥባ ለብሳ ገባች። እንዲህ ያለ ሰፊ በር በየትኛው ሀገር ተከፍቶ ያውቃል? ፈተናው አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ መመለሱ የበሩን ስፋት አይቀንሰውም። እንዲያውም ወሩ ጥቅምት ነበርና ለለቀማው በጊዜዋ ደረሰች።

ውጤቱም ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ መጣ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ተባለ። በቀጥታ መግቢያው በር ላይ ለወንድም ለሴትም ሃምሳው ሃምሳ ነው። ስለ ጾታ እኩልነት የሚቆረቆር ሰው ደግሞ የቀጣዩን ዓመት ውጤት ቢያይ ደስ ይለዋል፤ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች በ1,328ቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወንዱ ሴቷን በአንድ አላፊ እንኳ አልበለጣትም። ፍጹም እኩልነት ሲባል ስንሰማ የኖርነው ይህንን ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በ1,328 ቦታ፣ ያለ አንዳች ዐውደ ጥናት ተገኘ።

የእህቴ ልጅ ሃምሳውን አላመጣችም። ነገር ግን ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ በር ነበረ፤ ክቡርነታቸው ለሴቶች ዝቅ የሚሉበትም በዚያ ነው። ከወንዶቹ ቁመት ጋር ብትለካ ብዙ ጎድሏት ትወድቅ ነበር። ለፖሊሲያችን ምስጋና ይግባውና በሁለት ነጥብ ብቻ ወደቀች። ይህን ሲነግሩኝ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ስንት ሴት ልጅ በጥንቱ ዘመን ያለ ምንም ድጋፍ፣ ያለ ምንም ሰነድ፣ አለኝታ አጥታ በብዙ ነጥብ ወድቃለች! የኛይቱ ግን መንግሥት እጇን ይዟት፣ አይዞሽ እያላት፣ ከደጃፉ ሁለት ነጥብ እስኪቀራት ድረስ አድርሷት ነው የወደቀችው።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ አለፈች፤ ገባችም። ግቢው በስሟ ሳይሆን «የአፈርማቲቯ» እያለ በማዕረግ ይጠራታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ተዘጋጅቶላታል፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሩ መጥቶ ስም መዝግቦ ሄደ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሪፖርቱ ላይ በክብር ተቀምጧል።

እህቴ በልጇ አላፈረችም። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ «የኔም ልጅ እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር» አለች፤ ስኒውን እያደለች። ሁላችንም አጨበጨብን። ትንሿ የጎረቤት ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት።

«እውነት ገብተሽ ነበር? ምን ይመስላል?»

ልጅቱ ጥቂት አሰበች። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወይም ስለ ፎቁ የምታወራ መስሎኝ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ውኃው ቤት ውስጥ ነው» አለች። «ግድግዳው ላይ ትከፍቺዋለሽ፣ ይመጣል።»

እህቴ ወደ ደጅ አየት አደረገችና ጀሪካኑን አቀበለቻት፤ መሽቶ ነበር።